ዎከር የሚባሉት ሰዎች ወዴት ሲሄዱ ነበር?

በኢንተርኔት መድረካችን ላይ ይህን ክር፣ ማለትም የውይይት መስመር፣ የከፈተው እንግሊዝ አገር ሊድስ የሚኖር ሰው ነው። መጋዘን ውስጥ ይሠራል። የፈረቃ አለቃው ዎከር ይባላል። የልጁ አስተማሪም ዎከር ናት። ቤት ያከራየውም ሌላ ዎከር ነው፤ ሦስቱ ደግሞ አይዛመዱም። ታዲያ ሰውዬው በእረፍት ሰዓት ሻዩን ይዞ ሲያሰላስል መልሱ ወለል ብሎ ታየው። «ዎክ» መራመድ ነው፣ «ዎከር» ተራማጅ ነው፣ ስለዚህ የእነዚህ ሰዎች ቅድመ አያቶች ደብዳቤ ይዘው ከከተማ ከተማ የሚመላለሱ እግረኛ መልእክተኞች ነበሩ። ያቀረበው ጥያቄ አይደለም፣ ፍርድ ነው። ማስረጃ ብሎ የጆኒ ዎከር ውስኪ ጠርሙስ ፎቶ ለጥፏል። ባርኔጣ የደፋ፣ ቦት የተጫማ፣ ከዘራ የያዘ ሰውዬ እየተራመደ ነው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ ዓይነት ነው አጻጻፉ።

እኔ አንድም ቃል አልጻፍኩበትም። ግን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። ከመልሶቹ ብዙው ኳስ ነው፣ ጥቂት የማይባለው ስድብ ነው፣ የቀረው ግን እንዲሁ ከሥር ተቀብሮ እንዲቀር አልፈለግኩም። ጊዜ ለሌላችሁ በየቁጥሩ ልንገራችሁ።

መልስ 1 በአጭሩ ተስማማ። መልስ 2 ደግሞ ተስማምቶ አላበቃም፣ ካይል ዎከርን አመጣ። ሼፊልድ ተወልዶ በማንቸስተር ሲቲ መስመር ላይ እንደዚያ ይበር የነበረ ተከላካይ ስሙ ተራማጅ ሳይሆን ሯጭ መሆን ነበረበት አለ። በቃ፣ መልስ 3 የአርሰናል ደጋፊ ሆኖ ተገኘና ነገሩ ወደዚያ ነጎደ። አወያዩ ሦስት መልስ አጥፍቶ ኳስ ወደ ኳስ ክፍል እንዲሄድ አስጠነቀቀ። አልሰሙትም። ቁጥሩ ግን ከዚህ በኋላ እንደገና የተስተካከለው ነው፣ እኔም በዚያው ነው የምሄደው።

መልስ 4 በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ይመስላሉ። ይቅርታ ይደረግልኝና ብለው ነው የጀመሩት። መልእክተኛ ሳይሆን የደን ጠባቂ ነው የሚባል ነገር ሰምቻለሁ አሉ። በድሮ እንግሊዝ የንጉሥ አደን የሚካሄድባቸው ደኖች ነበሩ፤ አጋዘን እንዳይሰረቅ፣ ዛፍ እንዳይቆረጥ የተመደበላቸውን ክፍል በእግራቸው እየዞሩ የሚጠብቁ ሰዎችም ነበሩ፤ እነሱም ዎከር ይባሉ ነበር። ይህ የእሳቸው ፈጠራ አይደለም፣ እንዲህ የሚባሉ ጠባቂዎች በእርግጥ ነበሩ። የክሩ ባለቤት መልስ 5 ላይ ደስ ብሎት መጣ። ለእሱ መልእክተኛም ሆነ ዘበኛ ዋናው ነገር መራመዱ ነው።

ነገሩ የተገለበጠው መልስ 6 ላይ ነው። የጻፈችው ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ የተማረች ሴት ናት። ሁለታችሁም ከመንገዱ ወጥታችኋል አለች፣ በትሕትና ግን። ዎከር የጨርቅ ሙያ ነው። የሱፍ ጨርቅ ከመሸመኛው ሲወርድ ገና አላለቀም። ልል ነው፣ ወደ ብርሃን ሲያነሱት በድሩና በማጉ መካከል ያሳያል። በዚያ ላይ የበጉ ቅባትና ሲፈተል የተቀባው ዘይት አለበት። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ ይከቱትና ውሃ ያፈሱበታል፣ ዘይት የሚመጥ ለስላሳ ሸክላ አፈርም ይጨምሩበታል፣ ከዚያ ሰዎች በባዶ እግራቸው ገብተው ለሰዓታት ይረግጡታል። የሱፍ ክር ላዩ በዓይን በማይታይ ቅርፊት የተሸፈነ ነው። ሙቀት፣ እርጥበትና መታሸት ሲያገኝ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዝና ጨርቁ ይሰበሰባል። በቁመትም በወርድም ይቀንሳል፣ ግን ይወፍራል፣ ይጠብቃል፣ ዝናብ ይችላል። ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ነው በሰሜን እንግሊዝ ዎከር የተባለው። ጥጥ ይህ ቅርፊት ስለሌለው የእኛ ጋቢና ነጠላ እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ አላስፈለጋቸውም ብላ ጨመረች።

የክሩ ባለቤት እጅ አልሰጠም። መልስ 7 ላይ፣ በእግር ከተረገጠ ያው መራመድ ነው፣ ስለዚህ እኔ ነኝ ያሸነፍኩት አለ። ሰባት ሰው በሳቅ ምልክት አጀበው።

መልስ 8 ጀርመን የሚኖር ሰው ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው አለ። በጥንቱ እንግሊዝኛ ይህ ቃል መንከባለል፣ ማገላበጥ፣ ወዲያና ወዲህ መናጥ ነበር ትርጉሙ። በእግር መሄድ የሚለው በኋላ የመጣ ነው። የጨርቁ ሙያ ከአሮጌው ትርጉም ነው የወጣው። ማስረጃው ደግሞ ጀርመንኛ ነው፤ እዚያ «ቫልከን» ዛሬም ሱፍን ማሸትና ማጥበቅ ነው እንጂ መራመድ አይደለም። ለክረምት የሚለበሰው ያ ወፍራሙ የባቫሪያ ጃኬት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ከጠበቀ ጨርቅ ነው። ይህ መልስ ለእኔ ጉዳዩን ጨረሰው። ለመድረኩ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

መልስ 9 የአንዲት እናት ነው፣ በጣም ወደድኩት። ሙያውን በራሷ ቤት ሳታውቀው እንደሠራችው ጻፈች። ባለቤቷ ከአየርላንድ ይዞት የመጣውን የሱፍ ሹራብ ማሽን ውስጥ ከትታ በ60 ዲግሪ አጠበችው። ሲወጣ እጅጌው እስከ ክርኗ አይደርስም፣ ደረቱ እንደ ካርቶን ደርቋል። አሁን የአራት ዓመት ልጇ ይለብሰዋል። ባለቤቷ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሲፈልገው ሁለት ሳምንት ዝም ብላ አይታዋለች። መልስ 6 ወዲያው መጥታ፣ ትክክለኛው ነገር ይኸው ነው አለች፤ ማሽኑ ሙቀት፣ ውሃና ማናወጥ ሰጠው፣ ሳሙናው ደግሞ የቀረውን ጨረሰ።

ሳሙና ሲነሳ ነው መልስ 10 የጠየቀው። በዚያ ዘመን ድሃ ሸማኔ ሳሙና ከየት አመጣ? መልስ 11 ሮም የሚኖር ሰው ነው፣ ያለምንም ማለሳለስ መለሰለት። ሽንት ነው። የቆየ ሽንት አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያው ቅባቱን ያላቅቃል። ሮማውያንም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ፖምፔ ውስጥ ከእሳተ ገሞራው አመድ ሥር የወጡ የጨርቅ አጣቢዎች ቤቶች ከነገንዳቸው ዛሬም ይታያሉ። ንጉሠ ነገሥት ቬስፓሲያን ከዚህ ሽንት ላይ ግብር ጣለ፤ ልጁ ቲቶ አፈረበትና ቢናገረው አባትየው ሳንቲሙን አፍንጫው ሥር አድርጎለት ይሸታል ወይ ብሎ እንደጠየቀው ይተረካል። መልስ 12 ይህንን ወደ ክሩ አገር መለሰው። ዮርክሻየር ውስጥም ባልዲ ይዘው ከቤት ቤት እየዞሩ ሽንት የሚሰበስቡ ሰዎች እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ነበሩ።

መልስ 13 ተናደደ። ምግብ እየበላሁ ነው፣ ደግሞም ልጆች የሚያነቡት መድረክ ነው፣ ነውር የሚባል ነገር የለም ወይ አለ። መልስ 14 ዲያቆን ነው፤ ሙያው በመጽሐፍ ቅዱስ ያለ ስለሆነ ነውር የለውም ሲል ተከላከለ። የኢሳይያስ 7 «የአጣቢው እርሻ»፣ የሚልክያስ 3 «የአጣቢ ሳሙና» ይኸው ሰው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቡሄ አለ። ጌታ በደብረ ታቦር ሲገለጥ ልብሱ በምድር ላይ ያለ አጣቢ ሊያነጣው እስከማይችል ድረስ ነጭ ሆነ ይላል ማርቆስ 9። ሆያ ሆዬ የምንለው ያን ዕለት አይደል ወይ ሲል፣ ተናዳጁም ለጊዜው ዝም አለ።

መልስ 15 ላይ ቆም በሉ። ሰውዬው ለንደን ነው የሚኖረው፣ የድሮ መዝገብ ማገላበጥ ሱስ ሆኖበታል። መጀመሪያ ዲያቆኑን አመሰገነ። ይኸው የማርቆስ ቦታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በዊክሊፍ ስም በሚታወቀው የእንግሊዝኛ ትርጉም ሲጻፍ «ፉለር» ይልና አጠገቡ «ወይም የጨርቅ ዎከር» ብሎ ያብራራል። ደን ጠባቂ የክርስቶስን ልብስ ሊያነጣ ምን አገባው? ቀጥሎ ካርታውን ዘረጋ። ሥራው አንድ ነው፣ ስሙ ሦስት ነው። ደቡብ ምሥራቅ፣ ሰሴክስና ኬንት፣ ወደ ላይም ሰፎክ ድረስ ሙያተኛው ፉለር ነው፤ ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። ደቡብ ምዕራብ፣ ዴቨንና ኮርንዎል፣ ተከር ይባላል፤ እሱ ደግሞ ማንገላታት ከሚል ጥንታዊ ግሥ ነው፣ ጨርቁን ያንገላታዋልና። ሰሜኑ፣ ዮርክሻየርና ላንክሻየር ዎከር ነው። በ1881 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ሳይቀር ሦስቱ ስሞች በየአካባቢያቸው ተሰብስበው ይታያሉ፤ እንግዲህ ከ500 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ኤክሰተር ከተማ በ1471 የተሠራው የሸማኔዎችና የተከሮች ማኅበር አዳራሽ ዛሬም ቆሟል፤ የተከሮች አዳራሽ ነው የሚባለው። ዌልስ ሄዳችሁ ደግሞ ፓንዲ የሚል የቦታ ስም ስታዩ ይህ ሥራ በውሃ ኃይል የሚሠራበት ወፍጮ ነበረበት ማለት ነው፤ በ1910 ማዕድን ቆፋሪዎች ከፖሊስ ጋር የተጋጩባት ቶኒፓንዲ ስሟ ከዚያ ነው።

እንግሊዞች ከ1066 በኋላ፣ ኖርማኖቹ ከመጡ ወዲህ ቀስ እያሉ ነው የቤተሰብ ስም የያዙት፤ በ1400 ገደማ ግን አብዛኛው ሰው ከአባት ወደ ልጅ የሚያልፍ ስም ነበረው አለ። በ1379 በዮርክሻየር ምዕራብ ክፍል የተሰበሰበው የነፍስ ወከፍ ግብር መዝገብ በዚህ ሽግግር መሐል የተያዘ ነው። ከስሙ አጠገብ ሥራው ተጽፏል፤ አንዳንዱ ስሙና ሥራው አንድ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ስሙ የአባቱ ሥራ ሆኖ ራሱ ሌላ ሙያ ይዟል። ከዚያ በኋላ ስሙ ብቻውን ሄደ። ዛሬ ዎከር በእንግሊዝ በብዛት ከሚገኙት 20 ስሞች አንዱ ነው። በ1948 ሌስተር ላይ ድንች ጠብሶ መሸጥ የጀመረው ዎከር ሥጋ ሻጭ ነበር፤ ከጦርነቱ ወዲህ ሥጋ በራሽን ሆኖበት ነው ወደ ቺፕስ የዞረው። ማናችሁም የምታውቁት ቢጫው፣ ቀዩ፣ አረንጓዴው ፓኬት ያ ነው።

መልስ 16 የደን ጠባቂውን ነገር ያነሱት አባት ናቸው። ድምፃቸው ትንሽ ጠንክሯል። ሁለት ምንጭ ሊኖረው አይችልም ወይ፣ ለምን ሁሉ ነገር ሽንት ውስጥ ይገባል አሉ። መልስ 17፣ ያው ባለመዝገቡ፣ ጋሼ እያለ መለሰላቸው፣ ግን ጋሼው ማር የተቀባ ጩቤ ነበር። አንድ ሁለት ሰው ከደን ስሙን አግኝቶ ሊሆን ይችላል። ግን ስሙ ከደን ከሆነ የንጉሥ ደን በበዛበት፣ ኒው ፎረስት ባለበት በሃምፕሸር መብዛት ነበረበት። የበዛው ግን በግ፣ ሸማኔና ፈጣን ወንዝ ባለበት ነው። መልስ 18 ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ነው፤ ጋሼን ሽማግሌ ተረት ተራች ብሎ ተሳደበ። አወያዩ ለሦስት ቀን አገደው፣ ጥሩ አደረገ። ጋሼም መልስ 19 ላይ ቅር እንዳላቸው ጽፈው፣ ባለመዝገቡን ግን ተጨማሪ እንዲነግራቸው ጠየቁ። መድረክ ላይ ይህን ያህል ጨዋነት ብዙ አይገኝም።

ጠርሙሱን ማንም አልረሳውም። መልስ 20 ስኮትላንድ ውስጥ ግላስጎው የሚማር ልጅ ነው። ጆን ዎከር በ1820 ኪልማርኖክ ላይ ግሮሰሪ የከፈተ ልጅ ነበር። ተራማጁን ሰውዬ የሳለው ቶም ብራውን የሚባል ካርቱን ሠዓሊ ነው፣ ያውም በ1908። ሥዕሉ ከሱቁ 88 ዓመት በኋላ በስሙ ላይ የተቀለደ ቀልድ ነው እንጂ ምስክር አይሆንም። ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ አንዳንድ ዎከሮች በጌሊክ ስማቸው የጨርቅ ረጋጭ ልጅ የሚል ነበር፤ እንግሊዝኛ ሲገባ ወደ ዎከር ተገለበጠ። በሄብሪዲስ ደሴቶች ይህን ሥራ ሴቶች ነበሩ የሚሠሩት። ረጅም ሳንቃ ዙሪያ ተቀምጠው እርጥቡን ጨርቅ በዜማ እየመቱ ለጎናቸው ያቀብላሉ፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሥራው በማሽን ከተተካ በኋላም ዘፈኑ ቀርቷል።

መልስ 21 በ1908 ላይ ተንጠለጠለ። ዓመቱ በማን አቆጣጠር ነው ብሎ ጠየቀ። አወያዩ በአውሮፓ ነው አለ። እንዲያ ከሆነ፣ አለ ሰውዬው፣ ተራማጁ ሰውዬ በተሳለበት ዓመት ምኒልክ አዲስ አበባ ላይ ሠራተኛ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ። እውነት ነው፣ በእኛ ጥር 1900 ነው። ብረት ቢሠራ ጠይብ፣ ሸማ ቢሠራ ሌላ ስም እያወጣችሁ ባለሙያውን አሰደዳችሁት፣ ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው የሰደበው እኔን ነው የሚል ነው ፍሬ ነገሩ፤ የደገመ ዓመት እንዲታሰርም ያዛል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ዎከርን ረሳ። መልስ 22 እንግሊዝ በሙያው ስም ይኮራል፣ እኛ በሙያ እንሰድባለን አለ። መልስ 23 ይህ ቀሽም ንጽጽር ነው ብሎ አፈጠጠ። ማንም እንግሊዛዊ በሽንት ገንዳ አልኮራም፣ ግብር ሰብሳቢው ነው የጻፈበት፣ ልጆቹም ስሙን የያዙት መለወጥ ስላልቻሉ ነው። እውነቱን ለመናገር 23ኛው ሰውዬ ንግግሩ ሸካራ ቢሆንም ከ22 ይልቅ እሱ ነው ወደ ነገሩ የቀረበው። መልስ 24 ፋቂ የሚለውን ስድብ አነሳ፣ መልስ 25 የየትኛው አካባቢ ሰው እንደሚሳደብ መቁጠር ጀመረ፣ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

ያበረደው መልስ 26 ነው። ሽሮ ሜዳ ያደገ የሸማኔ ልጅ ነው። ማንንም አልወቀሰም፣ ያየውን ብቻ ጻፈ። አባቱ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ታች ሰድዶ፣ በአውራ ጣቱ ገመዱን እየረገጠ ነበር የሚሠራው። ጠዋት ሲቀመጥ ያዩታል፣ ማታ ሲነሳ ያዩታል። ቅዝቃዜው ከጉድጓዱ ወደ ጉልበቱ እየወጣ በኋላ ያነክስ ነበር። ትምህርት ቤት ቅጽ ሲሞላ «የአባት ሥራ» የሚል ነበረ። አባቱ ነጋዴ ብለህ ጻፍ አለው። እሱም ጻፈ። አሁን ሚኒሶታ ነው የሚኖረው፣ የልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ ዌብስተር የሚባል ልጅ አለ፣ ዌብስተር ሸማኔ ማለት መሆኑን ያወቀው ከዚህ ክር ነው። በቃ፣ ይኸው ነው የጻፈው። ከሥሩ ለረጅም ሰዓት ማንም አልጻፈም።

መልስ 27 ዋሽንግተን የምትኖር ነርስ ናት። አብረዋት የሚሠሩት ዎከሮች ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፤ የእነሱ ስም በዮርክሻየር ገንዳ በኩል ሳይሆን ብዙ ጊዜ በባሪያ ባለቤት በኩል ነው የመጣው፣ ወይም ከነጻነት በኋላ መዝጋቢ ፊት ቆመው ነው የመረጡት አለች። ማዳም ሲ ጄ ዎከርንም አነሳች። በ1867 ሉዊዚያና ውስጥ ስትወለድ ሳራ ብሪድላቭ ነበረች፤ ከቤተሰቧ መጀመሪያ ነጻ ሆና የተወለደች ልጅ ናት። ልብስ አጣቢ ሆና ኖራለች። ዎከር የባሏ ስም ነው፣ የፀጉር ቅባቷን ሸጣ የከበረችበት ስም። አጣቢዋ አጣቢ የሚል ስም ማግባቷን ልብ ያለው መልስ 28 ነው፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥም ፈገግ ማለት ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ትርጉም ማብዛት አያስፈልግም።

መልስ 29 ከሁሉ የበሰለ ጥያቄ ጠየቀ። ሥራው ለምን ጠፋ? ባለመዝገቡ መልስ 30 ላይ በሰፊው ጻፈ። አልጠፋም፣ ወደ ወንዝ ሄደ። የውሃ መዘውር ሁለት ትልልቅ የእንጨት መዶሻዎች እያነሳ ገንዳው ውስጥ ባለው ጨርቅ ላይ ይለቃቸዋል፤ ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ተራ በተራ ሲወቅጡ እንደማየት ነው። አንድ ሰው መዶሻዎቹን እየተቆጣጠረ የብዙ ሰው እግር ሥራ ይሠራል። በእንግሊዝ በጽሑፍ ከታወቁት የመጀመሪያዎቹ እንዲህ ዓይነት ወፍጮዎች አንዱ በ1185 ቴምፕላር በሚባሉት መነኩሴ ፈረሰኛ ተዋጊዎች የንብረት መዝገብ ላይ ይገኛል። ቦታው ኒውሳም ነው፤ ዛሬ ሊድስ ዳር ያለው ቴምፕል ኒውሳም። ታሪክ አጥኚዋ ካረስ ዊልሰን በ1941 ይህን ለውጥ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የኢንዱስትሪ አብዮት ብላዋለች፤ በኋላ ሌሎች አጋነነችው ቢሏትም።

ሁሉም ግን በደስታ አልተቀበለውም። ሴንት ኦልባንስ ላይ አበምኔቱ ሰው ሁሉ ጨርቁን ወደ ገዳሙ ወፍጮ እንዲያመጣና እንዲከፍል አስገደደ። የከተማው ሰው በቤቱ በእግሩ መርገጥ መብቴ ነው አለ። በ1274 ንግሥቲቱ በዚያ ስታልፍ አቤት እስከማለት ደረሱ። የፍርድ ቤቱ ነገር ያው የተለመደው ነው፣ አበምኔቱ አሸነፈ። ለንደንም በ1298 ጨርቅ ከከተማ ውጭ ወዳሉ ወፍጮዎች እንዳይላክ ደንብ አወጣች፤ የከተማው ረጋጮች እንጀራ ሊቋረጥ ነውና። መልስ 31 ይህንን አንብቦ የሚኒባስ ተራ ማስከበርን አስታወሰ፣ አሳቀኝ።

የክሩ ባለቤት ብዙ ጠፍቶ መልስ 32 ላይ ብቅ አለ። ቴምፕል ኒውሳም እሁድ እሁድ ልጆቹን የሚወስድበት መናፈሻ ነው! ትልቁ ቤት፣ እርሻው፣ ሐይቁ፣ አይስክሬም መኪናው፣ ሁሉን ያውቃል፤ ወፍጮውን ግን የነገረው የለም። ስለ መልእክተኞቹ ምንም አላለም፣ እኛም አልጠየቅነውም። ባለመዝገቡ አርምሊ ወዳለው የሊድስ ኢንዱስትሪ ሙዚየም እንዲሄድ መከረው። አንድ ዘመን በዓለም ትልቁ የሱፍ ፋብሪካ የነበረ ቤት ነው፣ የእንጨት መዶሻዎቹም እዚያ ይታያሉ።

መልስ 33 ሌላ በር ከፈተ። ጨርቁ ከተረገጠ በኋላ እርጥብ ነው፣ ተኮማትሯል፤ እና እንዴት ይስተካከላል? ባሕር ዳር የተማረችው መለሰችለት። ሜዳ ላይ ረጅም የእንጨት አጥር ይተከላል፣ ከላይና ከታች የታጠፈ ሚስማር አለበት፣ ጨርቁ በዳርና ዳሩ እየተወጠረ ይሰቀላል። እንግሊዞች ልቡ ተንጠልጥሎ የሚጠብቅ ሰውን በዚያ ሚስማር ላይ ነው ያለ ይሉታል። ችግሩ ጨርቁ ሌሊት ሜዳ ላይ ማደሩ ነው። መልስ 35 የዮርክሻየሯን ከተማ ሃሊፋክስን አመጣ። እዚያ ዋጋው 13 ተኩል ፔኒ የሚያወጣ ዕቃ ሰርቆ የተያዘ ሰው አንገቱ ይቀላ ነበር፤ ያውም ከፈረንሳዩ ጊሎቲን ከመቶ ዓመት በላይ የቀደመ፣ ከላይ በሚወርድ ምላጭ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዎች በ1650 ነው የተቀጡት፤ የሰረቁት ጨርቅና ፈረስ ነበር። የዚያ ዘመን ለማኞች ከሲኦል፣ ከኸል ከተማና ከሃሊፋክስ አድነን እያሉ ይጸልዩ ነበር ይባላል። መልስ 36 የእኛ ሰፈር ገመድ ላይ የተሰጣ ጂንስ ለሚሰርቅ ሌባ ይህ ሕግ ይመለስ አለ። መልስ 37 ተቆጣው፣ መልስ 38 ቀልድ አይገባህም ወይ አለው፣ መልስ 39 አርሰናል መሪ መሆኑን አበሰረ።

መልስ 40 ሆስፒታል የሚሠራ ሰው ነው። ኦፕራሲዮን በፀረ ተሕዋስያን ኬሚካል እንዲካሄድ ያደረገው ጆሴፍ ሊስተር ስሙ ከምን መጣ ብሎ ጠየቀ። ባሕር ዳር የተማረችው ሊስተር ጨርቅ ማቅለሚያ ቤት የሚሠራ ሰው ነው፣ ከዎከር ቀጥሎ ያለው ተራ የእሱ ነው አለች። መልስ 42 ደግሞ ሊስተር ማለት በግልጽ የስም ዝርዝር የሚይዝ ጸሐፊ ነው፣ «ሊስት» የሚለውን አታዩም ወይ ብሎ ፍርጥም አለ። አወያዩ ክሩን ቆልፎ ለሊስተር የራሱን ከፈተለት። አሁን ገብቼ አየሁት። ሦስተኛው መልስ ላይ ተሰዳድበዋል፣ አራተኛው ላይ ጋሼ ይቅርታ ይደረግልኝና ብለው ጀምረዋል።